ክሪያቲኒኑ ኖርማል ነው ሲሏችሁ «በስንት ኪሎ?» ብላችሁ ጠይቁ

«ኩላሊታቸው ኖርማል ነው ተብለናል፣ ታድያ ኬሞው ምን ያቆየዋል?» ይሄን ጥያቄ ከአስታማሚዎች ሳልሰማ የማልፈው ሳምንት የለም፣ አንዳንዱ ተቆጥቶ ነው ሚጠይቀኝ አንዳንዱ እንባው እየቀደመው። የካንሰር ክፍል ክሊኒካል ፋርማሲስት ነኝ፣ ኬሞው ከመበጥበጡ በፊት ዶዙን ከላብራቶሪው ውጤት ጋር ማየት ስራዬ ስለሆነ «ቆይ ይሄ ሰውዬ ዛሬ ተመዝነዋል ወይ» ብላ ወረቀት ምትመልሰው እኔ ነኝ። በአስታማሚ ወንበር ላይም ተቀምጬ አይቼዋለሁ፣ አጎቴ (እኛ ቤት ጋሼ ነው ምንላቸው) የፊኛ ካንሰር ይዟቸው ስለነበር። ስለዚ ዛሬ ጊዜ ወስጄ ልጽፈው ያሰብኩት ስለዚ ነገር ነው፣ ለፊኛ ካንሰር ኬሞ ከመጀመሩ በፊት ኩላሊት እንዴት ነው ሚለካው፣ ለምንስ ነው አንዷ የክሪያቲኒን (ኩላሊት እንዴት እንዳለ ለመገመት በደም ምርመራ የሚታየው) ቁጥር ብቻዋን ማትበቃው።

መጀመሪያ ኩላሊቱ ለምን ይሄን ያህል እንደሚያስጨንቅ። የፊኛ ካንሰር ገና ላይኛው ሽፋን ላይ ከሆነ በመሳሪያ ይፋቅና ፊኛው ውስጥ በሚጨመር መድሃኒት ክትትል ይደረግለታል፣ እሱ ሌላ ታሪክ ነው። የፊኛውን ጡንቻ ሰንጥቆ ከገባ ግን ነገሩ ይቀየራል፣ አብዛኛውን ጊዜ ፊኛውን ሙሉ በሙሉ ማውጣት ይመጣል፣ ከኦፕሬሽኑ በፊት ደግሞ ሲስፕላቲን ሚባል መድሃኒት ያለበት ኬሞ እንዲቀድም ይመከራል። ምክሩ ዝም ብሎ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ላይ ኬሞውን አስቀድመው ኦፕሬሽን የተሰሩት ሰዎች በሚዲያን (ግማሾቹ ከዛ በላይ የኖሩበት ጊዜ ማለት ነው) 77 ወር ሲኖሩ በቀጥታ ኦፕሬሽን የገቡት 46 ወር ነበር የኖሩት። ልዩነቱ ሁለት ዓመት ተኩል አካባቢ ነው። እና ይሄን ዕድሜ የሚጨምረው መድሃኒት ራሱ ኩላሊትን ከሚጎዱ የኬሞ መድሃኒቶች ውስጥ ከፊት የሚሰለፍ መሆኑ ነው ችግሩ።

ሲስፕላቲን ውስጡ ፕላቲነም የሚባለው ብረት አለበት፣ ከሰውነት የሚወጣውም በዋናነት በሽንት ነው። በኩላሊት ሲያልፍ ግን ዝም ብሎ አያልፍም፣ የመጀመሪያዎቹ ቀጫጭን ቱቦዎች ሴሎች ወደ ውስጣቸው ይስቡትና እዛው ይጠራቀማል፣ ከዛ ሴሎቹን ይገድላል። ማግኒዢየምና ፖታሺየም በሽንት እየፈሰሱ ይወጣሉ፣ ደም ውስጥ ያለው ክሪያቲኒን ከፍ ይላል፣ አንዳንድ ሰው ላይ ጉዳቱ ተመልሶ አይድንም። ለዚህ ነው ከመድሃኒቱ በፊትም በኋላም ብዙ ሊትር ፈሳሽ በደም ስር ሚሰጠው፣ ማግኒዢየምም አብሮ ሚጨመረው። ሰው ግሉኮሱ በዛብኝ እያለ ያማርራል፣ ግን እሱ ነው ኩላሊቱን ሚጠብቅለት። (ግሉኮስ እንበለው እንጂ ሚሰጠው በአብዛኛው ኖርማል ሳላይን፣ የጨው ውሃው ነው።)

አሁን ወደ ክሪያቲኒን። ክሪያቲኒን ጡንቻ በየቀኑ የሚጥለው ቆሻሻ ነው፣ ኩላሊት ደግሞ ያወጣዋል። አንድ ሰፈር ላይ የቆሻሻ ክምር ትንሽ ሆኖ ስታዩ ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል፣ ወይ የቆሻሻ መኪናው በደንብ እየመጣ ነው ወይ ደግሞ ሰፈሩ ውስጥ የቀሩት ሰዎች ጥቂት ስለሆኑ የሚጥሉት ቆሻሻ ራሱ ትንሽ ነው። ካንሰር ያከሳቸው የ75 ዓመት አዛውንት ጡንቻቸው አልቋል፣ ሚጥሉት ክሪያቲኒን ትንሽ ነው፣ ስለዚ ኩላሊታቸው ግማሽ ጉልበቱን አጥቶ እንኳን ደማቸው ውስጥ ያለው ቁጥር ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ኖርማል ውስጥ ሊገባ ይችላል። ላብራቶሪው አልዋሸም፣ ማሽኑም አልተበላሸም፣ ቁጥሩ ብቻውን ሰውየውን አያውቃቸውም በቃ።

በቁጥር ላሳያችሁ። ሁለት ወንዶች አሉ እንበል፣ ሁለቱም ክሪያቲኒናቸው 1.1 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) ነው፣ ብዙ ላብራቶሪ ላይ ይሄ ለወንድ ኖርማል ነው። አንዱ 40 ዓመቱ ነው 75 ኪሎ፣ ሌላው 75 ዓመታቸው ነው 50 ኪሎ። ሀኪሞች የሚጠቀሙበት የድሮ ቀመር አለ፣ ኮክሮፍትና ጎልት የሚባሉ ሁለት ሰዎች ካናዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጡት፣ ከ140 ላይ ዕድሜውን ትቀንሳላችሁ፣ በኪሎ ታባዛላችሁ፣ ከዛ በ72 የተባዛ ክሪያቲኒን ታካፍሉታላችሁ፣ ሴት ከሆነች ውጤቱን በ0.85 ታባዛላችሁ። ወጣቱ 95 አካባቢ ይመጣለታል። አዛውንቱ 41። በዛው በ1.1! ሴት ቢሆኑ ደግሞ 35 ነው። ይሄ ቁጥር ኩላሊቱ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ሚሊሊትር ደም ያጣራል የሚለው ግምት ነው፣ እና ለወጣቱ ሲስፕላቲን ያለ ሃሳብ ሊጀመርለት ይችላል፣ ለአዛውንቱ ግን ሙሉውን ዶዝ ዘሎ መስጠት ኩላሊታቸውን አውቆ መጉዳት ነው። ልብ በሉ ወረቀቱ ላይ የሁለቱም ውጤት ምንም የቀይ ምልክት የለውም፣ ኮከብ የለውም፣ ቀስት የለውም።

ስለዚ «ኖርማል ነው» ሲሏችሁ በትህትና «ተሰልቶ ስንት መጣ? በስንት ኪሎ ነው የተሰላው?» በሉ። ጥሩ ሀኪም በዚህ ጥያቄ አይከፋም።

ኪሎና ዕድሜ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም እኛ ሀገር ስህተቱ በብዛት የሚገባው በነሱ በኩል ነው ብዬ አምናለሁ። ኪሎ ተጠይቆ ነው ሚጻፈው፣ «አባባ ስንት ኪሎ ነዎት?» ይባላሉ እሳቸውም ሳይታመሙ በፊት የሚያውቁትን 70 ይላሉ፣ ሚዛን ላይ ሲወጡ 58 ይሆናል። ዕድሜያቸው 70 ክሪያቲኒናቸው 1.1 ቢሆን በ70 ኪሎ 62 ይመጣል፣ በ58 ኪሎ ደግሞ 51። እግራቸው ያበጠ ወይ ሆዳቸው ውሃ የያዘ ሰው ከሆኑ ደግሞ ሚዛኑም ያታልላል፣ ውሃው ጡንቻ አይደለም። ዕድሜም እንደዛው ነው፣ የልደት ሰርተፊኬት የሌላቸው አባቶችና እናቶች ካርድ ላይ ሚጻፍላቸው ዕድሜ ግምት ነው፣ 65 የተባሉት 75 ሊሆኑ ይችላሉ። 60 ኪሎ የሆኑና ክሪያቲኒናቸው 1.0 የሆነ ሰውዬ በ65 ዓመት ሲሰላ 62.5፣ በ75 ዓመት ሲሰላ 54 ነው። እኔ እንደዚ አይነት ሲገጥመኝ በአብዮቱ ጊዜ ምን ይሰሩ ነበር፣ አግብተው ነበር ወይ፣ የመጀመሪያ ልጅዎ ስንት ዓመቷ ነው እያልኩ አጣራለሁ፣ ሰውም ደስ ብሎት ነው ሚመልሰው። ቤተሰብ እዚህ ላይ ትልቅ እገዛ ማድረግ ይችላል፣ ትክክለኛውን ዕድሜ ከናንተ በላይ ሚያውቅ የለም።

ምሳሌዎቼ ከ60 ትንሽ በላይና በታች እያሉ ለምን ተመላለሱ ካላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የዘርፉ ሀኪሞች ተስማምተው ባወጡት መስፈርት ለፊኛ ካንሰር ሲስፕላቲን የማይመከርላቸው ሰዎች ውስጥ አንደኛው የኩላሊት ማጣሪያው በደቂቃ ከ60 ሚሊሊትር በታች የሆነ ሰው ስለሆነ ነው። ከሱ ጋር ሌሎችም አሉ፣ አቅሙ በጣም የደከመ፣ የመስማት ችግር ያለበት፣ እጅ እግሩን የሚያደነዝዘው፣ ከባድ የልብ ድካም ያለበት። ጆሮ ምን አገናኘው እንዳትሉ፣ ሲስፕላቲን ጆሮንም ነርቭንም ይጎዳል፣ ስለዚ ጆሯቸው ላይ ድምፅ የሚጮህባቸው ከሆነ ከመጀመሩ በፊት መናገር አለባቸው።

አሁን የጋሼን ነገር ልንገራችሁ ምክንያቱም ከቁጥሩ በላይ ያስተማረኝ እሱ ነው። ጋሼ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ፣ ሲጋራ ያጨሱ ነበር፣ ሽንታቸው ላይ ደም ሲያዩ ስለማያማቸው ብርድ ነው ብለው ተዉት፣ አንቲባዮቲክ ተሰጣቸው፣ ጠፋ፣ ተመልሶ መጣ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ብዙ ጊዜ ሄደ። (ህመም የሌለው ደም ያለበት ሽንት ያየ ሰው፣ በተለይ ሲጋራ ያጨሰ ወይ አዋሽ ሸለቆ አካባቢ ኖሮ የሽንት ቢልሃርዚያ ይዞት የሚያውቅ፣ አንዴ እንኳን ጠፋ ብሎ አይተወው፣ እባካችሁ።) ካንሰር መሆኑ ሲታወቅ ክሪያቲኒናቸው 2.1 ነበር። 66 ዓመት፣ 64 ኪሎ፣ ሲሰላ 31። ቤተሰቡ ሁሉ በቃ ኬሞ አይሆንላቸውም አለ፣ አንድ ሀኪምም እንደዛ ነበር ያለን።

ግን 31 የመጣው ለምንድነው ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። አልትራሳውንድ ሲደረግ የግራ ኩላሊታቸው ውሃ ይዞ አብጧል፣ ቀኙም ትንሽ ጀምሮታል። ዕጢው ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው ቱቦ የሚገባበት ቦታ ላይ ተቀምጦ መንገዱን ዘግቶታል። የፊኛ ካንሰር ከሌላው ካንሰር የሚለይበት አንዱ ነገር ይሄ ነው፣ በሽታው ራሱ ኩላሊቱን የሚያፍነው ቦታ ላይ ነው የሚበቅለው። እና ሌላ ጉድ ደግሞ አለ፣ ኩላሊታቸው ሲያብጥ ጎናቸውን ያማቸዋል፣ ሲያማቸው ሰፈር ካለ ፋርማሲ ዲክሎፌናክ ያስወጋሉ፣ ሲሻላቸው ክኒኑን ይቀጥላሉ። ዲክሎፌናክ ወደ ኩላሊት የሚገባውን ደም ይቀንሳል። አይቡፕሮፌንም እንደዛው፣ ሁሉም የዛ ዘር መድሃኒቶች እንደዛው ናቸው። ታፍኖ የሚሰቃይ ኩላሊት ላይ ደሙንም መቀነስ ማለት ነው።

ዩሮሎጂስቱ (የሽንት መንገድ ሀኪሙ) በጀርባቸው በኩል ኔፍሮስቶሚ ሚባለውን ቀጭን ቱቦ አስገባላቸው፣ ሽንቱ ወደ ከረጢት ይወርዳል ማለት ነው። አንዳንዱ ሰው ላይ ከውስጥ በፊኛ በኩል ስቴንት ሚባል ቱቦ ይገባል፣ የቱ እንደሚሻል የሚወስነው ዩሮሎጂስቱ ነው። ጋሼ ከረጢት ይዤ ከሰው ፊት አልወጣም ብለው በጣም አስቸግረውን ነበር፣ የገዛ እህታቸው እትዬ ናት ቁጭ ብላ ለምና ያሳመነቻቸው። ዲክሎፌናኩ ቆመ፣ ለህመሙ ሀኪሙ ፓራሲታሞልና ሲጠነክር ትራማዶል በልክ አዘዘላቸው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ 2.1 የነበረው 1.1 ገባ።

ስለዚ ከምንም በላይ እንዲታወቅልኝ የምፈልገው፣ የኩላሊት ቁጥር ዝቅ ብሎ ሲገኝ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን አወረደው፣ ሚስተካከልስ ነገር አለ ወይ» መሆን አለበት፣ «ኬሞ ይቅር ወይ» የሚለው ከዛ በኋላ ነው ሚመጣው። በተቃራኒውም ክሪያቲኒኑ ጥሩ ቢሆንም አልትራሳውንድ ወይ ሲቲ ይታይ፣ አንዱ ኩላሊት ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ሌላው እየሸፈነለት ወረቀቱ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል። «ሽንት እኮ በደንብ ይሸናሉ» የሚለው ማረጋገጫ አይሆንም፣ አንዱ ኩላሊት ብቻውን በደንብ ያሸናል።

የጋሼ 1.1 ሲሰላ ስንት መጣ መሰላችሁ፣ 59.8። ስልሳ ሊሞላ ምንም አልቀረውም ግን ስልሳ አይደለም። እዚህ ላይ ነው ቀመር ምን እንደሆነ ማወቅ የሚጠቅመው። ያ የ1976 ቀመር የተሰራው 249 ሰዎች ላይ ነው፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወንዶች ነበሩ፣ የኛ ሀገር ሰውም የካንሰር ታማሚም ታስቦ አይደለም። ግምት ነው። 59.8 እና 60 መሃል ያለውን ልዩነት ከላብራቶሪው የዕለት ተዕለት መዋዠቅ መለየት አይቻልም። አንዳንድ ሀኪም ቁጥሩን እንደ ግድግዳ ያየዋል፣ እኔ በበኩሌ ድንበሩ አካባቢ ያለ ሰው በተሻለ መንገድ ሊለካ ይገባዋል ባይ ነኝ። በራዲዮአክቲቭ ነገር ወይ አዮሄክሶል በሚባል ንጥረ ነገር በትክክል የሚለካበት መንገድ አለ፣ ሲስታቲን ሲ የሚባል ጡንቻ ላይ እምብዛም የማይመሰረት የደም ምርመራም አለ፣ ግን ሀገር ቤት እንደልብ አይገኙም። የሚገኘው የ24 ሰዓት ሽንት ነው።

የ24 ሰዓት ሽንት ቀላል ይመስላል፣ ግን በትክክል ተይዞ የሚመጣው ትንሽ ነው፣ ምክንያቱም ሰው በደንብ ስለማይነገረው። አሰራሩ እንዲህ ነው፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የመጀመሪያውን ሽንት ሽንት ቤት ትሸናላችሁ፣ እሱ አይያዝም፣ ሰዓቱ ግን ይጻፋል። ከዛ ቀጥሎ ያለው ሁሉ፣ የለሊቱም ጭምር፣ አንዷም ጠብታ ሳትቀር ጄሪካን ውስጥ ትገባለች፣ በነጋታው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ያለው የመጨረሻው ይጨመርና ያበቃል። ሽንት ቤት ስትቀመጡ ለሰገራ ብላችሁ የምትሸኑት እንኳን መያዝ አለበት። ያለ ፍሪጅ ከሆነ ቀዝቃዛና ጥላ ቦታ ይቀመጥ። ሰዓት ስትጽፉ በኢትዮጵያ ይሁን በፈረንጅ አብራችሁ ጻፉ፣ 1 ሰዓት ብሎ ጽፎ ላብራቶሪው ከቀኑ 7 ሰዓት ነው ብሎ ያነበበበት ጊዜ አለ። በዛው ቀን ደም ይቀዳል። እና ኔፍሮስቶሚ ያለው ሰው ከፊት የሚሸናውም ከጀርባ ከረጢት የሚወጣውም ሁለቱም ነው ሚያዘው፣ ይሄን ካልነገሯቸው ብዙዎቹ የከረጢቱን ይደፉታል፣ ከዛ ኩላሊታቸው ግማሹን ብቻ እንደሚሰራ ተደርጎ ይነበባል። የጋሼ 63 መጣ።

ኦንኮሎጂስቱ (የካንሰር ሀኪሙ) ከዛ በኋላ ያደረገው ነገር በጣም ነው ደስ ያለኝ። 63 መጣ ብሎ ሙሉውን አልለቀቀባቸውም። ሲስፕላቲኑን ለሁለት ከፈለው፣ በአንድ ቀን ለእያንዳንዱ ስኩዌር ሜትር የሰውነት ስፋት 70 ሚሊግራም ከሚሰጥ 35ቱን በመጀመሪያው ቀን 35ቱን በስምንተኛው ቀን፣ ጌምሲታቢን ከሚባል ሌላ የኬሞ መድሃኒት ጋር። ይሄ ድንበር ላይ ላሉ ሰዎች የሚደረግ ነገር ነው፣ ኩላሊቱ በአንዴ የሚያርፍበት ሸክም ይቀንሳል፣ ቁጥሩ ከ60 ትንሽ ዝቅ ያለ ሰው ላይም አንዳንድ ሀኪም በጥንቃቄ ይሞክረዋል። ከሙሉው ዶዝ እኩል ይሰራል ወይ የሚለው ትልልቅ ጥናት ላይ በደንብ ተነጻጽሮ አልታየም፣ ሀኪሙም ይሄኑ ሳይደብቅ ነገረን፣ ጋሼም ገብቷቸው ነው እሺ ያሉት።

ሌላ ብዙ ጊዜ የማየው ነገር፣ ከክፍለ ሀገር የሚመጡ ታማሚዎች። መንገድ ላይ መኪና ማስቆም ስለሚያፍሩ ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ አይጠጡም፣ ቀኑን ሙሉ አውቶብስ ላይ ይውላሉ፣ ማታ ደክሟቸው ይተኛሉ ጠዋት ባዶ ሆዳቸውን ደም ይሰጣሉ፣ ክሪያቲኒኑ 1.5 ይሆናል፣ ኬሞው ይሰረዛል፣ ቀጠሮ ይራዘማል። ውሃ ጠጥተው በነጋታው ሲደገም 1.1 የሚገባ አለ። የክሪያቲኒን ምርመራ የግድ በባዶ ሆድ አይደለም፣ ውሃ ደግሞ በጭራሽ አይከለከልም፣ ካልተባላችሁ በስተቀር ጠጥታችሁ ሂዱ። የልብ ድካም ያለባቸው ብቻ ልካቸውን ሀኪሙን ይጠይቁ። ሌላው ከምርመራው በፊት ባለው ምሽት ብዙ የበሰለ ስጋ መብላት ቁጥሩን ለጊዜው ከፍ ያደርገዋል፣ ጾመኛ የሆነና ለወራት ስጋ ያልቀመሰ ሰው ደግሞ ቁጥሩ ዝቅ ሊልለት ይችላል፣ ሁለቱም ኩላሊቱን አይገልጹም። ለሲቲ ስካን በደም ስር የሚሰጠው ቀለምም ደካማ ኩላሊት ላይ ጫና ሊፈጥር ስለሚችል ከሲቲው በኋላ በሁለት በሦስት ቀን ክሪያቲኒን ሳይደገም ሲስፕላቲን ባይጀመር እመርጣለሁ። እና የወር ዕድሜ ያለው ውጤት ይዞ መጥቶ ኬሞ መጀመር አይሆንም፣ በወር ውስጥ ዕጢው ሌላውን ቱቦ ሊዘጋው ይችላል።

ጾም ካነሳሁ፣ ኬሞ እየወሰዱ እስከ 9 ሰዓት ውሃ ሳይጠጡ የሚውሉ እናቶች አሉ፣ የሚገባቸውን ያህል የሚያስረዳቸው ስለሌለ ነው። ሲስፕላቲን በገባበት ሳምንት ውሃ አለመጠጣት ኩላሊትን በቀጥታ ይጎዳል። የንስሐ አባታቸውን ያናግሩ፣ እስከዛሬ ለታመመ ሰው ያልፈቀዱ አባት አላጋጠሙኝም። ሙስሊሞችም በረመዳን እንደዛው፣ ለታማሚ ዲኑ ራሱ ፈቅዷል።

ውጭ ሀገር ሆናችሁ ለምታነቡ ደግሞ አንድ ነገር። አሜሪካ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የላብራቶሪ ወረቀት ላይ ኢጂኤፍአር የሚባለው ቁጥር (ከክሪያቲኒን ተሰልቶ የሚመጣ የኩላሊት ማጣሪያ ግምት) ሁለት ነበር የሚጻፈው፣ አንዱ ለጥቁር አንዱ ለሌላው ሰው። እ.ኤ.አ. የ2009 ቀመር ጥቁር ለሆነ ሰው ውጤቱን በ1.159 ያባዛው ነበር፣ ማለትም ያው ደም ያው ኩላሊት ይዛችሁ በቆዳችሁ ምክንያት 16 በመቶ የተሻለ ኩላሊት አላችሁ ትባላላችሁ። በ2021 ዘርን ያወጣ አዲስ ቀመር መጣ። ስለዚ ከዛ በፊት የተሰራ የድሮ ውጤት ከአሁኑ ጋር ስታወዳድሩ ኩላሊቴ በአንዴ ወረደ ብላችሁ አትደንግጡ፣ የቱ ቀመር እንደሆነ ጠይቁ። እና ይሄ ኢጂኤፍአር የሚጻፈው ሰውነቱ 1.73 ስኩዌር ሜትር ለሆነ ሰው ተስተካክሎ ነው። ብዙ እናቶቻችን ቀጫጭንና አጫጭር ናቸው፣ የሰውነት ስፋታቸው 1.45 የሆነ ሴት ወረቀቱ ላይ 70 ቢልላት የራሷ ትክክለኛ ቁጥር 59 አካባቢ ነው። ለኬሞ ዶዝ የሚያስፈልገው የራሷ ነው።

ኩላሊቱ ተስተካክሎም አልሆን ካለስ? ብዙ ሰው የሲስፕላቲን ዘመድ የሆነው ካርቦፕላቲን ይሰጠን ይላል፣ ለኩላሊት ይቀላልና። እውነት ነው ይቀላል፣ ዶዙም ራሱ በኩላሊቱ ቁጥር ነው ሚሰላው፣ ካልቨርት የሚባል ሀኪም እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው ቀመር የሚፈለገው ኤዩሲ (መድሃኒቱ ደም ውስጥ በጠቅላላ ምን ያህል እንዲገኝ እንደሚፈለግ የሚናገር ቁጥር) በማጣሪያው ቁጥርና 25 ድምር ይባዛል፣ ኤዩሲ 5 ከሆነና ኩላሊቱ 50 ከሆነ 375 ሚሊግራም፣ 90 ከሆነ 575 ሚሊግራም ማለት ነው። የኩላሊት ግምቱ ከተሳሳተ እዚህም ዶዙ ይሳሳታል፣ ደም ሴል ክፉኛ ይወርዳል። ግን ዋናው ነገር ፊኛ ካንሰር ላይ ካርቦፕላቲን እንደ ሲስፕላቲን አይሰራም፣ ከኦፕሬሽን በፊት በሱ ቦታ ተተክቶ እንዲሰጥም አይመከርም፣ ሲስፕላቲን የማይችል ሰው በካርቦፕላቲን ከሚተካለት ቀጥታ ወደ ኦፕሬሽን ቢሄድ ይሻላል ነው የሚባለው። ስለዚ «ኬሞ ከለከሉን» ብላችሁ ከማዘናችሁ በፊት ሀኪሙ ኦፕሬሽኑን ወደፊት ማምጣቱ ከሆነ እሱ ራሱ ህክምና ነው። ለተሰራጨ የፊኛ ካንሰር ደግሞ ኤንፎርቱማብ ቬዶቲን ከፔምብሮሊዙማብ ጋር የሚባል አዲስ ህክምና አለ፣ አሜሪካ ውስጥ በ2023 መጨረሻ ሲስፕላቲን ለሚችልም ለማይችልም ተፈቅዷል፣ ጥናቱ ላይ በሚዲያን 31.5 ወር የኖሩ ሲሆን በኬሞ የታከሙት 16.1 ወር ነበር። ዋጋው እዚህ ካለ ቤተሰብ አቅም ውጪ ነው፣ ይሄን ስጽፍ ውስጤ ያዝናል፣ ውጭ ያላችሁ ግን ሀኪማችሁን ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁ።

ኬሞው ከተጀመረም በኋላ ልኬቱ አያበቃም፣ ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ክሪያቲኒን፣ ፖታሺየም፣ ማግኒዢየም ይደገማል፣ ኪሎም ይመዘናል ምክንያቱም ሰው ይከሳል። ቤት ውስጥ ሆናችሁ ደግሞ ማስታወክ አላቆም ካለ፣ ውሃ አልወርድ ካለ፣ ሽንት ከቀነሰ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ የኔፍሮስቶሚው ከረጢት ለሰዓታት ባዶ ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዛው ቀን ሂዱ። የባህል መድሃኒት፣ የሚቀቀል ስር ምናምን እየወሰዱ ከሆነ አትደብቁን፣ አንቆጣም፣ ምን እንደሆነ ማወቅ ብቻ ነው ምንፈልገው። የደም ግፊት ክኒን ኢናላፕሪልም ሆነ ውሃ የሚያሸና መድሃኒት የሚወስዱ ከሆነ በራሳችሁ አታቁሙ ግን ለኦንኮሎጂስቱ አሳዩት። ሌላ ሆስፒታል ሄዳችሁ ለኢንፌክሽን ጄንታማይሲን ሊሰጧችሁ ከሆነም ሲስፕላቲን እየወሰድኩ ነው በሉ፣ ሁለቱ መድሃኒቶች ኩላሊት ላይ አብረው መውረዳቸው ጥሩ አይደለም።

ጋሼ ኬሞውን ጨርሰው ኦፕሬሽናቸውን ተሰርተዋል፣ ክሪያቲኒናቸው ለመጨረሻ ጊዜ ሲታይ 1.2 ነበር፣ እኔም በ64 ኪሎ ሳይሆን የዛን ዕለት ሚዛኑ ባለው በ61 ነው ያሰላሁት። ጥያቄ ያላችሁ ከታች ጻፉልኝ፣ ዕድሜ፣ የዛሬ ኪሎ፣ ክሪያቲኒን ከነመለኪያው (ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው ወይስ ማይክሮሞል በሊትር፣ 97 ማይክሮሞል ማለት 1.1 ነው) ካላችሁልኝ እንዴት እንደሚሰላ አሳያችኋለሁ፣ ስም አትጻፉ፣ ውሳኔውን ግን ፋይላችሁን ይዞ የሚያያችሁ ሀኪም ጋር ነው ምትጨርሱት።